ክላምኤቪን በየትኛው መንገድ እናዘምነው? በቀጥታ፣ በውስጥ ማከፋፈያ ወይስ በፍላሽ

ስለ ጸረ ቫይረስ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «የትኛው ይሻላል?» ከሚለው አያልፍም። ክፍት ምንጭ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥያቄ ቶሎ ይዘጋል፤ በስፋት የሚሠራበት አንድ ነው፣ እሱም ክላምኤቪ ነው። ፖላንዳዊው ቶማሽ ኮይም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ያወጣውን ይህን ፕሮግራም በ2007 ሶርስፋየር የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በ2013 ሲስኮ ሶርስፋየርን ሲጠቀልል ክላምኤቪም አብሮ ተሻገረ። ዛሬም በነጻ ይታደላል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

ዋናው ምርጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ አዲሶቹ የቫይረስ መለያዎች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ቫይረስን የሚያውቅባቸው ምልክቶች፣ በምን መንገድ ወደ ኮምፒውተሩ ይደርሳሉ? እያንዳንዱ ኮምፒውተር ራሱ ከኢንተርኔት ያውርድ? ቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አውርዶ ለሌሎቹ ያድል? ወይስ በፍላሽ ይመላለስ? «ክላምኤቪ እምቢ አለኝ» ተብዬ ከማያቸው ችግሮች የሚበዙት የፕሮግራሙ ብልሽት አይደሉም። ለቦታው የማይስማማ መንገድ ተመርጦ፣ መንገዱ ራሱ ያመጣቸው ጣጣዎች ናቸው። ስለዚህ ስህተቶቹን ለብቻ ከመደርደር ይልቅ ከየመንገዳቸው ጋር አያይዤ አቀርባቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ። ክላምኤቪ በዊንዶውስ ላይ ዘብ አይቆምም። ፋይል በተከፈተ ቁጥር እየተከታተለ የሚመረምር ክፍል ያለው ለሊኑክስ ብቻ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ «ይህን ፎልደር መርምር» ሲባል ይመረምራል፣ ካልተባለ ዝም ይላል። በዚሁ ሞተር የሚሠራውና ለዓይን የሚቀልለው ክላምዊንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ የሆነውን ዲፌንደርን አጥፍቶ ክላምኤቪን መተካት አጥርን አፍርሶ መተኛት ነው። ዲፌንደር ባለበት ይቆይ፤ ክላምኤቪ ከጎኑ ሆኖ እንደ ሁለተኛ ዓይን ያገልግል። ትክክለኛ ቦታው የኢሜይል ሰርቨር፣ የፋይል ማከማቻ ሰርቨርና ከየአቅጣጫው ፍላሽ የሚሰካበት የማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ነው። በተለይ ሊኑክስ የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለፍላሽ መመርመሪያ ብቻ ቢመደብ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል፤ በዊንዶውስ ፍላሽ ውስጥ ፎልደሮችን ደብቆ አቋራጭ ምልክት የሚተክለው ተባይ ሊኑክስ ላይ መንቀሳቀሻ የለውም።

የመጀመሪያው መንገድ፦ በቀጥታ

ይህ ሁሉም ሰው ሳያስበው የሚመርጠው ነው። ከክላምኤቪ ጋር ፍሬሽክላም የሚባል አዘማኝ አብሮ ይመጣል፤ በቀን የተወሰነ ጊዜ እየነቃ አዲስ መለያ መኖሩን ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ ርካሽ ነው። ፍሬሽክላም መጀመሪያ የሚያነበው በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው የኢንተርኔት ማውጫ) በኩል የምትመጣ አንዲት አጭር መስመር ናት፤ የመጨረሻው የመለያ ቁጥር ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ ይገኛል። በእጁ ያለው ቁጥር እኩል ከሆነ ምንም ሳያወርድ ተመልሶ ይተኛል። ትንሽ ወደኋላ ከቀረ የጎደለችውን ልዩነት ብቻ ያወርዳል። ብዙ ከቀረ ግን ሙሉውን ፋይል እንደገና ይጎትታል።

ከዋጋ አንጻር ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሜይን፣ ዴይሊና ባይትኮድ የሚባሉት ሦስቱ የመለያ ፋይሎች ተደምረው ለዓመታት ከ200 ሜጋባይት በላይ ሲመዝኑ ኖረዋል። በየቀኑ የሚከፈት ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚያወርደው እዚህ ግባ የማይባል ነው። በወር አንዴ የሚከፈት ላፕቶፕ ግን በተከፈተ ቁጥር ትልቁን ፋይል ሊያስወርድ ይችላል። ኢንተርኔቱን በሞባይል ጥቅል የሚከፍል ሰው «በቀጥታ» የሚለው መንገድ ርካሽ የሚሆንለት ኮምፒውተሩን አዘውትሮ ከከፈተ ብቻ ነው።

የዚህ መንገድ ስህተቶች ብዙ ቢመስሉም ጥቂት ናቸው።

በጣም የተለመደው የሎግ ፋይሉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት) በሌላ ፕሮግራም ተቆልፏል የሚለው ነው። ሰው ጭኖ እንደጨረሰ ፍሬሽክላምን በእጁ ያስነሳና ይህ መልእክት ይመጣበታል። በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ፍሬሽክላም ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ አገልግሎት ከጀርባ ይሠራል፤ ፋይሉን የያዘውም እሱ ራሱ ነው። ብልሽት የለም። በእጅ ማስኬድ የግድ ካስፈለገ አገልግሎቱን አስቁሙ፣ አዘምኑ፣ መልሳችሁ አስነሱ። የሎግ ፋይሉን መሰረዝ ወይም ፈቃዱን ለሁሉም መክፈት ግን፣ አንዳንዱ እንደሚመክረው፣ ችግር የሌለበት ቦታ ላይ ችግር መፍጠር ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ይህን ማንም ቀድሞ አይጠረጥረውም። የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ረስቶ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ፍሬሽክላም የሚያወርደው በተመሰጠረ ግንኙነት ስለሆነ የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት ከቀኑ ጋር ያመሳክራል፤ ኮምፒውተሩ በገዛ አቆጣጠሩ ያለፈ ዘመን ላይ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ገና ያልጸና ይመስለውና ግንኙነቱን ይዘጋዋል። የሚታየው መልእክት ስለ ምስክር ወረቀት ስለሆነ ሰው ኢንተርኔቱን ሲነካካ ይውላል። ከሁሉ በፊት ቀኑን ተመልከቱ። ባትሪዋ ክብ ሳንቲም የምታክል ናት፣ በጥቂት ብር ትለወጣለች።

ሦስተኛው የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው። አንዳንድ የቢሮ ራውተር ድረ ገጽ የሚያስከፍተውን ጥያቄ ያሳልፍና ፍሬሽክላም የሚፈልገውን የጽሑፍ ዓይነት ጥያቄ ይጥለዋል። «የዝማኔ መረጃውን መጠየቅ አልቻልኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁና ኢንተርኔቱ በሌላ በኩል ጤነኛ ከሆነ እዚህ ላይ ፈልጉት። ቢሮው ፕሮክሲ (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ሁሉ የሚያሳልፍ መካከለኛ) የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ የፕሮክሲውን አድራሻና በር (ፖርት) በፍሬሽክላም የቅንብር ፋይል ውስጥ መጻፍ ይገባል፤ ብሮውዘሩ ላይ መሞላቱ ለፍሬሽክላም ምንም አይጠቅመውም።

ከዚያ ሰርቨሩ ጥያቄውን ሲከለክል የሚመልሳቸው ሁለቱ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ 403 እና 429። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። 403 ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፕሮግራሙ እድሜ ነው። ክላምኤቪ ጊዜ ያለፈባቸውን እትሞች ከዝማኔ ያግዳል። ለምሳሌ በመስከረም 2020 የወጣው 0.103 የረጅም ጊዜ ድጋፍ የነበረው እትም ቢሆንም ማስተካከያ የሚደረግለት ጊዜ በመስከረም 2023 አብቅቷል፤ ከእሱ በኋላ 1.0 እና በነሐሴ 2024 የወጣው 1.4 የረጅም ጊዜ እትሞች ሆነዋል። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ማሳደግ ነው። ክላምዊን የምትጠቀሙም በውስጡ ያለው ሞተር ስንተኛው እትም እንደሆነ ተመልከቱ፤ የላይኛው ቅብ አዲስ ቢመስልም የሚቆጠረው ሞተሩ ነው።

429 ደግሞ «አበዛችሁት» ማለት ነው። ከ2021 ወዲህ የመለያ ማከፋፈያው ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን የጥያቄ ብዛት መገደብ ጀምሯል። አንድ ቢሮ ሃያ ኮምፒውተር ቢኖረው ሃያዎቹም በአንድ መስመር፣ በአንድ የውጭ አድራሻ ነው የሚወጡት፤ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ አንድ ሰው ሃያ ጊዜ በር እንደደበደበ ያህል ነው። ፍሬሽክላም ይህ ቁጥር ሲመጣበት ቀጣዩ ሙከራ ከመቼ በኋላ እንደሚፈቀድ በሎጉ ላይ ሰዓቱን ጽፎ ያርፋል። እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ከሁሉ የከፋ ነገር በየአምስት ደቂቃው ደጋግሞ መሞከር ነው። ፍሬሽክላም ማስታወሻ የሚይዝባትን ትንሽ ፋይል ሰርዞ እገዳውን ለማለፍ መሞከርም እንዲሁ፤ እገዳው ያለው ከወዲያኛው ወገን ነው። የገንቢዎቹ መልእክት ራሱ ቁርጡን ይናገራል፤ በሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠይቁ፣ ከ10 በላይ ኮምፒውተር ካላችሁ የራሳችሁን ማከፋፈያ አቁሙ፣ ከገደቡ ነጻ አድርጉን ብላችሁም አትለምኑ። የመጨረሻዋን ሳነብ ስንቱ ደብዳቤ ቢደርሳቸው ነው እላለሁ።

ባጭሩ፣ ከአንድ እስከ አስር ኮምፒውተር ላለው፣ መስመሩም እየተቆራረጠ ቢሆን በየቀኑ ለሚመጣለት ሰው የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል። ሌላ መንገድ ፍለጋ አትድከሙ።

ሁለተኛው መንገድ፦ የውስጥ ማከፋፈያ

ሐሳቡ ከጣሪያ ላይ ሮቶ ጋር አንድ ነው፤ መስመሩ ሲመጣ አንድ ቦታ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ግቢው ሁሉ ከእሱ ይቀዳል። ትምህርት ቤት፣ ባለ ብዙ ክፍል መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይህን ካልመረጡ በ429 ሲናደዱ ይኖራሉ።

ለዚህ የክላምኤቪ ሰዎች ያዘጋጁት ሲቪዲአፕዴት የሚባል አነስተኛ የፓይተን መሣሪያ አለ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲሠራ ይታዘዛል፣ የመለያ ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ያጠራቅማል። ያንን ፎልደር ማንኛውም ቀላል የድረ ገጽ ሰርቨር ለቢሮው ያሳየዋል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በፍሬሽክላም ቅንብራቸው ውስጥ ፕራይቬት ሚረር በሚለው መስመር የዚያን ኮምፒውተር አድራሻ ይጽፋሉ። አለቀ።

ሲቪዲአፕዴትን ትቶ ፋይሎቹን በደብልዩጌት ወይም በከርል እየጎተቱ ማከፋፈያ መሥራት የድሮ ልማድ ነው፤ ዛሬ የክላምኤቪ ዋናው ማከፋፈያ እነዚህን መሣሪያዎች ያግዳል። ድሮ የተጻፈ መመሪያ ይዞ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ትእዛዙ ትክክል ነው፣ ጊዜው ግን አልፎበታል።

የዚህ መንገድ ጉዳቱ አንድ ነገር ላይ ነው። በፕራይቬት ሚረር የሚዘምን ኮምፒውተር የልዩነት ፋይሎችን አይጠቀምም፤ ዴይሊ በተለወጠ ቁጥር ሙሉውን ነው የሚያወርደው። በቢሮ ውስጥ ገመድ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ደካማ ዋይፋይ ላይ ግን ሃያ ኮምፒውተር ጠዋት ከሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ እኩል ሲነሳ ይሰማል። ማከፋፈያው የሚሞላበትን ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ አድርጉት። ሰዓት ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ፤ የእኛ የሌሊት 8 ለኮምፒውተሩ 2 ነው፣ 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ልክ ሠራተኛው ሁሉ ሲገባ ይጀምራል።

ሌላው ድክመት የሰው ነው። ማከፋፈያው ያለበት ኮምፒውተር የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ያ ሰው እረፍት ሲወጣ ቢሮው በሙሉ ያረጃል፣ ማንም ሳያውቅ። ፕራይቬት ሚረር የሚለው መስመር ከአንድ በላይ መጻፍ ስለሚቻል ሁለተኛ መጠባበቂያ አድራሻ መስጠት ጥሩ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ በፍላሽ

ኢንተርኔት በሌለበት ወይም ሆን ተብሎ በተቆረጠበት ቦታ ያለው ምርጫ ይህ ነው። የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚያሽከረክር ኮምፒውተር፣ ከዋና ከተማ ርቆ ያለ ጣቢያ። ሰዎች ያፍሩበታል፣ ምክንያቱ ግን አይታየኝም። በሳምንት አንድ ቀን በፍላሽ የሚዘምን ኮምፒውተር፣ በቀጥታ እንዲዘምን ተደርጎ ከስድስት ወር በፊት ከቆመው ይበልጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሦስቱን ፋይሎች በብሮውዘር ወይም በሲቪዲአፕዴት አውርዱ፣ በፍላሽ ውሰዱ፣ የመለያ ፋይሎች ማስቀመጫው ውስጥ ገልብጡ፤ በኡቡንቱና በዴቢያን ይህ ቫር ውስጥ፣ ሊብ ውስጥ ያለው ክላምኤቪ የሚባል ፎልደር ነው። ከዚያ የፋይሎቹን ባለቤት ክላምኤቪ ወደሚባለው ተጠቃሚ ለውጡ። ይህች የመጨረሻዋ እርምጃ ተዘልላ ነው ብዙ ጊዜ «ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም» የሚመጣው።

እዚህ ጋር አንድ ነገር በቅርበት እንይ። የመለያ ፋይሎች በሁለት ዓይነት ስም ይገኛሉ፤ መጨረሻቸው ሲቪዲ የሆኑና ሲኤልዲ የሆኑ። ሲቪዲው ከአዘጋጆቹ እንደወጣ ያለ፣ ዲጂታል ፊርማ ያለበት ነው፤ ሞተሩ ሲጭነው ፊርማውን ያረጋግጣል፣ አንድ ፊደል ቢነካ አይቀበለውም። ሲኤልዲው ግን ፍሬሽክላም የልዩነት ፋይሎችን እየጨመረ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የሠራው ነው፤ ያ ፊርማ የለበትም። በእጅ በሚዞር ፍላሽ ላይ የምትተማመኑት ምን ላይ ነው? ፊርማው ላይ። ስለዚህ ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲኤልዲ ገልብጣችሁ አትውሰዱ፤ ሁልጊዜ ሲቪዲውን። ሲቪዲውን ስታስገቡ እዚያው የቆየ ተመሳሳይ ስም ያለው ሲኤልዲ ካለ አንሱት፣ የትኛው እንደተጫነ ግራ እንዳትጋቡ።

የቱንም ብትመርጡ የሚገጥማችሁ

መንገዱ ተስተካክሎም ክላምኤቪ አልነሳ ሊል ይችላል፤ ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ራም ነው። ገንቢዎቹ ቢያንስ 3 ጊጋባይት ይመክራሉ፣ አላጋነኑም። መለያዎቹ በሙሉ ራም ላይ ይወጣሉ። ይባስ ብሎ ክላምዲ፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠራው መርማሪ፣ አዲስ መለያ ሲመጣ አሮጌውን ሳይለቅ አዲሱን ጎን ለጎን ይጭናል፤ ለጥቂት ጊዜ ፍላጎቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 2 ጊጋባይት ራም ያለው ርካሽ ሰርቨር ላይ ቀኑን ሙሉ ደህና ሆኖ ዝማኔ እንደመጣ የሚሞተው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ራሱ ነው የሚገድለው፣ ሎጉም «ራም አለቀ» ይላል። በክላምዲ ቅንብር ውስጥ ኮንከረንት ዳታቤዝ ሪሎድ የሚለውን መስመር «ኖ» ማድረግ አሮጌውን ለቆ አዲሱን እንዲጭን ያስገድደዋል፤ በመጫኛው ሰዓት ምርመራ ይቆማል፣ ግን ሰርቨሩ አይሞትም። ለትንሽ ሰርቨር ያለ ማመንታት ይህን ምረጡ።

ራሙ ከዚያም በታች ከሆነ ክላምዲን ትቶ ክላምስካንን ማስኬድ ይቻላል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ክላምዲ መለያዎቹን አንድ ጊዜ ጭኖ እየጠበቀ ይቆያል፣ ክላምስካን ግን በተጠራ ቁጥር ከዜሮ ይጭናል። አንድ ትንሽ ፋይል ለመመርመር ረዘም ላለ ጊዜ የሚያስጠብቀው ለዚህ ነው። በሌሊት አንድ ጊዜ ሙሉ ዲስክ ለሚመረምር ሰው ክላምስካን ይበቃዋል፤ ፍላሽ በየደቂቃው ለሚሰካበት ወይም ለኢሜይል ሰርቨር አይሆንም። ክላምስካንም ግን በሚሠራበት ጊዜ ያንኑ ያህል ራም ይበላል፤ ጥቅሙ ሲጨርስ መልቀቁ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ደግሞ አንዲት አሳሳች ባህርይ አለች። ክላምዲ የመለያ ፋይሎች ገና ካልወረዱ ለመነሳት አይሞክርም። ስህተት አይጽፍም፣ የአገልግሎቱን ሁኔታ ስትጠይቁ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም ይልና ዝም ይላል። መጀመሪያ ፍሬሽክላም ይጨርስ፣ ከዚያ ክላምዲን አስነሱ። ፍሬሽክላም ሳይጨርስ መርማሪውን ሦስት ጊዜ ነቅለው የተከሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ክላምዲ ተነስቶ «ፈቃድ የለኝም» ካለም አትደናገጡ፤ እሱ የሚሠራው በራሱ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ የእናንተን የግል ፎልደር የማየት መብት የለውም። ለክላምዲ ትእዛዝ የሚያደርሰውን ክላምዲስካንን ስትጠሩ ፋይሉን ራሳችሁ ከፍታችሁ እንድታቀብሉት የሚያደርገውን ኤፍዲፓስ የሚባል አማራጭ ጨምሩ። ክላምዲን በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው የአስተዳዳሪ ተጠቃሚ፣ ማስኬድ ችግሩን ያጠፋል፣ ግን ከየትም የመጣ የተበከለ ፋይል የሚበረብርን ፕሮግራም የቤቱን ቁልፍ ሁሉ አስይዞ መልቀቅ ነው፤ አልመክርም። በፌዶራና በሬድሃት ወገን ላይ ያላችሁ ደግሞ ሴሊኑክስ የተባለው የሊኑክስ የደህንነት ዘብ ጸረ ቫይረስ ሌላውን ሲስተም እንዲመረምር የሚፈቅድ ለብቻው የተቀመጠ ማብሪያ እንዳለው አስታውሱ፤ እሱ ካልበራ የፋይል ፈቃድ ብታስተካክሉም ከንቱ ነው።

ፕሮግራሙን ከየት መጫን እንደሚሻል ብዙም አላወራም። ከሊኑክሳችሁ የራሱ የጥቅል ማከማቻ ጫኑ። ከኮድ መገንባት ከ0.105 ወዲህ የረስት መሣሪያዎችንም ስለሚጠይቅ ለተራ ተጠቃሚ ትርፉ ድካም ነው። ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ የመለያ ፎልደሩን ከኮንቴይነሩ ውጭ በቋሚነት አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ በተሠራ ቁጥር ሁሉንም ከመጀመሪያው ያወርዳል፣ ከዚያም ያው 429 ይመጣል።

በዊንዶውስ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት ሁልጊዜ አንድ ነው። የቅንብር ፋይሎቹ በናሙና መልክ ነው የሚመጡት፤ ከላይ አካባቢ «ኤግዛምፕል» የምትል አንዲት ቃል ለብቻዋ ተጽፋለች። ሰው ፋይሉን በትክክለኛው ስም ይገለብጥና ያቺን መስመር ይተዋታል፤ ፕሮግራሙም የናሙናውን ፋይል አስተካክሉ ብሎ ይቆማል። መስመሯን ሰርዙ፣ ይሄዳል።

መዘመኑን ማረጋገጥ

ሎጉ «ዘምኗል» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ፍሬሽክላም ዲስኩ ላይ ያስቀመጠውን ክላምዲ ገና ላያነብ ይችላል። ክላምስካንን እትሙን ስትጠይቁት ዲስኩ ላይ ያለውን የዴይሊ ቁጥርና ቀን ይነግራችኋል። ክላምዲስካንን ስትጠይቁት ደግሞ ክላምዲ አሁን በራም ላይ ይዞ የሚሠራበትን ይናገራል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ክላምዲ አሮጌውን ይዞ ተኝቷል። በየተወሰነ ደቂቃ ራሱን ስለሚያይ ጥቂት ጠብቁት፤ በፍላሽ ያመጣችሁ ከሆነና ከቸኮላችሁ ግን አገልግሎቱን አጥፍታችሁ አስነሱ። ከዚያ ኤይካር የሚባለውን፣ ለዚሁ ሙከራ ተብሎ የተዘጋጀ 68 ፊደል ያለው ምንም ጉዳት የሌለው የጽሑፍ ፋይል አስመርምሩት። «ተገኘ» ካለ መርማሪው ሥራ ላይ ነው። «ደህና ነው» ካለ መለያዎቹ ሳይሆኑ ቅንብሩ ላይ ተመለሱ፤ ኤይካር በጣም አሮጌ በሆነ መለያም ይያዛልና።